ስለ ጋሼ ዘውዱ ሸክላ ለመድሁ

በሕፃንነቴ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምወደው ጋሼ ዘውዱን ነበር፤ ከአባቴም አብልጬ። አባቴ ይህን ስናገር ሲሰማ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎተራው ያይና «እግዜር ይይልሽ» ይለኝ ነበር። ጎተራውን ለምን እንደሚያይ አይገባኝም ነበር።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ጋሼ ዘውዱ የመጣው በታኅሣሥ፣ እህሉ ከአውድማ በገባ በሳምንቱ ነው። ጦሩን ከበራፉ አስደገፈ፣ ጋሻውን ከምሰሶው ሰቀለ፣ አባቴና እናቴ ከሚተኙበት መደብ ላይ ተቀመጠና «ርቦኛል» አለ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። እርስ በርሱ ሰላምታ የማይለዋወጥ የአንድ ቤት ሰው ነው፤ ስለዚህ ቅርብ ዘመዳችን መሆኑን ወዲያው ተረዳሁ።

አባቴና እናቴ መደቡን ለቀውለት ከጥጆቹ ጎን መተኛት ጀመሩ። እንጀራ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚቆርሰው እሱ ነው። አባቴ፣ መንደሩ «አያ ሞላ» እያለ የሚያከብረው ሰው፣ የጠላውን ማሰሮ ይዞ ቆሞ ያስተናግዳል። ጋሼ ዘውዱ ጢሙ ገና ያላቆጠቆጠ ጎረምሳ ሲሆን አባቴን «አንተ» ይለዋል፤ አባቴ ደግሞ እሱን «አንቱ» ይለዋል። ይህን ያህል የሚዋደዱ ሰዎች አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ወጥ ስታወጣለት ዓይኗ እንባ ያቀርራል። በሠርግ ቤት ሰው በደስታ ሲያለቅስ አይቻለሁና፣ እናቴ በየቀኑ ደስ የሚላት ሴት ትመስለኝ ነበር።

ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ዘመዳችን እንዳልነበረም ካወቅሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ተሰሪ ነበር። የንጉሡ ሠራዊት ብዙ ነው፤ ቀለቡ ያለው ግን ከገበሬው ጎተራ ነው፤ ስለዚህ ወታደሩ ገበሬ እንዲቀልበው በየቤቱ ይታደል ነበር። ለኛ ዘውዱ ደረሰን።

እኔ ግን ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። ጋሼ ዘውዱ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያዞረኛል፣ ፉከራ ያስተምረኛል። ከደጃችን ጭቃ ጠፍጥፌ ፈረስ ከነጋላቢው ብሠራለት «ይቺ ልጅ እጅ አላት!» ብሎ ለጓደኞቹ ሁሉ አሳየልኝ። እናቴ ግን ጭቃውን ነጥቃ ጣለችውና እጄን በሳማ ለበለበችኝ። «ጭቃ የሚያበጅ ሸክላ ሠሪ ነው፤ ሸክላ ሠሪ ደግሞ ቡዳ ነው! ሰው ቢያይሽስ?» አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሼ ዘውዱ ከደጅ የቆመችውን ግንባረ ቦቃ ጊደራችንን ሲያያት ቆየና «እኛ ልንጾም ነው፤ ይቺ ምን ልትሆን ነው?» ብሎ አረዳት። ከጉበቱ ለኔም አጎረሰኝ። እናቴ ከዚያ ሥጋ አልቀመሰችም። ጾሙን ሦስት ቀን አስቀድማ መጀመሯ ነው ብዬ በጽድቋ ተገረምሁ። ያቺ ጊደር ለኔ ለራሴ፣ ለሠርጌ የተመደበች እንደ ነበረች የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እንግዲህ ከሠርጌ ድግስ የቀመስሁት ያንን ጉበት ብቻ ነው።

በሚያዝያ አባቴ ከደብረ ታቦር ገበያ አዋጅ ሰምቶ መጣ። ያን ጊዜ ጋፋት ላይ ፈረንጆች ለንጉሡ መድፍ ያቀልጡ ነበርና፣ ቀን ሙሉ ጭሱ ከቤታችን ይታያል። ለጋፋት ሥራ ሠራተኛ የሰጠ ቤት ተሰሪ አይገባበትም ተብሎ ተለፈፈ። በማግስቱ ጋሼ ዘውዱ ወደ ሰፈር ሲወጣ አባቴና እናቴ ጠብቀው የነፍስ አባታችንን አባ ወልደጊዮርጊስን ጠሩና ሦስቱ ተቀመጡ። እኔ ጥግ ይዤ ጥጥ እፈለቅቃለሁ።

«ወንድሟን ማሩን ብሰጥ ማን ያርስልኛል?» አለ አባቴ። «ጌጤን ነው እንጂ።» ጌጤ እኔ ነኝ።

«ሴት ልጅ ጋፋት ገብታ ምን ልትሠራ? ወናፍ ልታናፋ?» አለች እናቴ።

«ለፈረንጆቹ እሳት የሚሆን ሸክላ የምታቀርበው ጥሩወርቅ የሰው እጅ አጥሯታል። ከሷ ዘንድ የገባም እንደ ጋፋት ይቆጠራል ብሏል የጋፋቱ ሹም፣ አዛዥ ደምሴ።»

እናቴ ደረቷን ደቃች። «ጥሩወርቅ? ያቺ ቡዳ? አንቱ ሰውዬ፣ ልጄን ቡዳ ሊያስበሉ ነው?»

«ፈንታነሽ፣ ቡዳ ቢበላ አንድ ሰው ነው የሚበላው። ይኼኛው ከነጎተራችን ነው። ዘንድሮ ከላያችን ካልወረደ ለከርሞ ዘር የለንም።»

በዚያ ሰሞን ቤታችን ቁንጫ በዝቶ ነበር። ስለ ቁንጫው የሚያወሩ መስሎኝ ጎኔን አከክሁ።

ሁለቱም ወደ አባ ወልደጊዮርጊስ ዞሩ። አባ ባለፈው እሑድ በዐውደ ምሕረቱ ላይ፣ ከሸክላ ሠሪ ደጅ ያለፈ ሰው ጸበል ሳይጠመቅ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ገዝተው ነበር። አሁን ጢማቸውን አሻሹ።

«አዳምን እግዚአብሔር ከምን አበጀው?» አሉ።

«ከጭቃ» አለ አባቴ።

«እንግዲህ የመጀመሪያው ሸክላ ሠሪ ማን ሆነ?»

«ኧረ አባ፣ ባለፈው እሑድ እኮ...» አለች እናቴ።

«ያማ ባለፈው እሑድ ነው» አሉና ተነሡ።

በማግስቱ አባ ደጅ አንድ ነጭ በግ ታስሮ አየሁ። የተረፈን አንድ በግ ነበረችና ከሷ ጋር መመሳሰሉ ገረመኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ብነግራት «አዎን፣ በጎች ይመሳሰላሉ» አለችኝ።

ያን ዕለት አባቴ ጠርቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ጌጤ፣ ስታድጊ ምን መሆን ትወጃለሽ?»

«ጋሼ ዘውዱን» አልሁት።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሱ ሌላስ? ጭቃ ማቡካት አትወጂም?»

«እወዳለሁ፤ እምዬ በሳማ ትለበልበኛለች እንጂ።»

«ከእንግዲህ አትለበልብሽም። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ምርጫው የኔ መሆኑ ልቤን አሳበጠው። ወንድሜ ማሩ አሥራ አምስት ዓመቱ ሆኖ ማንም ምን ትወዳለህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። «እንግዲያማ ሸክላ እለምዳለሁ! ለጋሼ ዘውዱም ጠላ እንዳያልቅበት ትልቅ ጋን እሠራለታለሁ!» ስል እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወጣች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለውን ተረት ያኔም አውቀው ነበር፤ ስለ ዶሮ ብቻ ይመስለኝ ነበር እንጂ።

ጥሩወርቅ ከጋፋት በታች፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። ቁመቷ አጭር፣ መዳፏ ሰፌድ የሚያህል ሴት ናት። አባቴ ከደጇ ራቅ ብሎ ቆመ፣ አፍና አፍንጫውን በጋቢው ሸፈነና ጉዳዩን ይናገር ጀመር።

«አያ ሞላ፣ ልጅዎን ሊሰጡኝ መጥተው አፍዎን ከኔ ይሸፍናሉ?» አለችው።

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አለ አባቴ።

አሳዘነኝ። ከቤት ስንወጣ ደኅና ነበር።

ጥሩወርቅ እጄን ይዛ አገላበጠች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ወደ ኋላ አጠፈች፣ ጥፍሬን አየች። «ይቺስ ጭቃ ታውቃለች። እወስዳታለሁ። ነገር ግን አዛዥ ደምሴ በስም ብቻ አይቀበልም። በራሷ እጅ የሠራችው ሸክላ ከጋፋት እሳት በደኅና ካልወጣ ወታደሩን አያነሣላችሁም።»

የወታደሩን ነገር በጆሮዬ ሰማሁ። ማንሣት ማለት ከፍ ማድረግ መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ከአፈር ይነሣል፣ ንጉሥም ድሀውን ያነሣል። እንግዲህ እኔ ሸክላውን ካሳመርሁ ጋሼ ዘውዱ ሊሾም ነው! ቢያንስ የሃምሳ አለቃ ይሆናል። አባቴ ለዘመዱ ሹመት ሲል በጥርስ ሕመም ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቱን ሳስብ ፍቅሩ አስገረመኝ።

እኔም በሙሉ ልቤ ሠራሁ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ እንደዚያ እላት ነበር፣ በመጀመሪያው ወር ጭቃ አላስነካችኝም። አሮጌ ገል እንደ በርበሬ እስኪልም ወቀጥሁ፣ ነፋሁ፣ እንደገና ወቀጥሁ። ጥቁሩን አፈር ከወንዙ ዳር በጀርባዬ ተሸከምሁ። ጋፋት የሚፈልገው ድስትና ምጣድ አይደለም። ከወናፉ ጫፍ ተሰክቶ ነፋሱን ወደ እሳቱ ልብ የሚያደርስ፣ ክንድ የሚያህል ክፍት ሸክላ ነው፤ እኛ «አፍንጫ» እንለው ነበር። የመጀመሪያ አፍንጫዬ ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ሲተኮስ ፈነዳ። ሦስተኛውን እትዬ ጥሩወርቅ ራሷ በእርግጫ ሰበረችው።

«ምን አደረገሽ?» አልኋት እያለቀስሁ።

«ውስጡ ነፋስ አለበት። እኔን ማታለል ትችያለሽ፤ እሳቱን ግን አትችዪም። እንደገና!»

አራተኛውን በሐምሌ ይዘን ወጣን። ጋፋትን በቅርብ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። መሬቱ ይሞቃል፣ ዝናቡ ከምድጃው ጣሪያ ላይ ሲያርፍ ይንጫጫል፣ ፊታቸው እንደ ጊደራችን ጉበት የቀላ ፈረንጆች በማይገባኝ ቋንቋ ይጯጯሃሉ። አፍንጫዬን ከወናፉ አገናኝተው ከእሳቱ ከተቱት። ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ፤ ሦስት ጊዜ፣ ኋላም ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠፋኝ። ሲያወጡት እንደ ፍም ቀልቶ፣ አንዲት ስንጥቅ የለበትም። ያ የእትዬ ጥሩወርቅ ሰፌድ መዳፍ አናቴ ላይ አረፈ።

አዛዥ ደምሴ ወፍራም፣ ነጭ ጃኖ የለበሰ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ «የማን ልጅ ነሽ? ምንስ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«የሞላ ልጅ ጌጤ ነኝ። ጋሼ ዘውዱን ያንሡልኝ» አልሁት።

ሆዱ እስኪነቀነቅ ሳቀ። «ከአዋጁ ወዲህ ስንት ገበሬ ከፊቴ ቆመ! ሁሉም ለንጉሡ ፍቅር ብዬ ነው ይለኛል። አንቺ ብቻ እውነቱን ነገርሽኝ» አለ።

ቤት ስደርስ ጋሼ ዘውዱ ጋሻውን ከምሰሶው እያወረደ ነው። ሮጬ እግሩ ላይ ተጠመጠምሁ። «ጋሼ! አነሣሁህ!»

ቁልቁል አየኝ። «አዎን፣ አነሣሽኝ» አለ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከፊቴ አስተካከለ። «የኔም አባት ቤት ወታደር ገብቶ ነበር፤ ሁለት ክረምት ተቀመጠ። ሲሄድ የሚበላ አልነበረምና እኔም ወታደር ሆንሁ። ጭቃ የሚያስለምደኝ አላገኘሁም።»

«አሁን ወዴት ተሾምህ?»

«አባ ወልደጊዮርጊስ ቤት» አለ።

ከካህን ቤት! ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? አባቴ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘው፤ ሲመለስ ያንጎራጉር ነበር። እናቴ መደቡን በፈላ ውሃ ስታጥብ ዋለች። እኔ ብቻ አለቀስሁ። የሰው ሹመት ደስ ቢልም መለየቱ ይከብዳል።

በሁለተኛው ሳምንት አባ ወልደጊዮርጊስ ልጃቸውን እመቤቴን ይዘው፣ አፋቸውን በኩታ ሸፍነው እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ቆሙ።

«ጥርስዎን ነው አባ?» አለቻቸው።

«አዎን፣ ጥርሴን» አሉ።

እመቤቴ አንድ አፍንጫ አቀረበች፤ ማን እንደሠራላት አልናገርም። ዘውዱም ከአባ ቤት ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ቤት ገባ፤ በሳምንቱ የዚያ ቤት አባወራ በጥርስ ሕመም መጣ። በዚያ ዓመት የጥርስ ሕመም ደብሩን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ዓመት ሲሞላ የአገሩ ጨዋ ልጆች ሁሉ፣ ሃያ ሦስት ልጃገረዶች፣ በአንዲት ቡዳ ደጅ ተሰብስበን ነበር። ሃያ ሁለቱ ጥላ ሥር ገበጣ ይጫወታሉ፤ እኔ የሃያ ሦስት ሰው ጭቃ እረግጣለሁ። ዘውዱ ከቤት ቤት ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ ሴት ልጅ ከሌላት፣ ሙሉ ከምትባል መበለት ቤት ደረሰ። እዚያ ጎተራም በግም የለም። ሁለት ቀን ጦሙን አድሮ በሦስተኛው ቀን ሞፈር ተሸክሞ ሲወጣ ታየ ብለው ሰዎች ተሳሳቁ።

አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ትልቁን መድፍ አስጎትተው ወደ መቅደላ ሄዱ። ፈረንጆቹም፣ ወታደሩም፣ አዛዥ ደምሴም ሄዱ። የጋፋት ጭስ ጠፋ። በሚቀጥለው እሑድ አባ ወልደጊዮርጊስ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው «በይሁዳ ብር የተገዛው የማን መሬት ነበር?» ብለው ጠየቁ። «የሸክላ ሠሪ!» አሉ ራሳቸው መልሰው። በዚያው ሳምንት ልጃገረዶቹ ሁሉ ተሰብስበው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረዱ። ሰባት ቀን ታጥበው ሲመለሱ ጭቃ ነክተው የማያውቁ ሆኑ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ሃያ ሁለቱ በእርግጥም ነክተው አያውቁም።

እኔን ሊወስደኝ አባቴ ራሱ መጣ። አፉን አልሸፈነም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ ድስት ደርድሬ፣ ኩበት ከምሬ፣ እሳት ለኩሼ ነበር።

«ጌጤ፣ በይ እንሂድ። ወንዛዬ ትታጠቢያለሽ፤ የአያ ደሳለኝ ልጅ ደግሞ ሊያገባሽ ይጠብቅሻል። ወታደሩ ሄዷል።»

«የትኛው ወታደር?»

«የትኛው ትላለች! ዘውዱ ነዋ። እሱን ከቤት ለማስወጣት ብለን እንጂ ለጭቃ ብለን ነው እዚህ የጣልንሽ?»

እጄ ኩበቱ ላይ ቀረ። የእናቴ እንባ፣ ከጥጆቹ ጎን የነበረው መኝታ፣ ከአባ ደጅ የታሰረው በግ፣ አንድ በአንድ መጡብኝ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አይቼ የራሴን ተረት አበጅቼለታለሁ።

«ጋሼ ዘውዱ እንግዳችን አልነበረም?» አልሁት።

አባቴ እርዳታ የሚፈልግ ይመስል ወደ እትዬ ጥሩወርቅ አየ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ አፈር ትነፋለች። «እንግዳማ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ «ያልጠራነው። ምን ላድርግ ልጄ? አንቺን ሰጥቼ ሦስታችንን አተረፍሁ። ይኸው አሁን ልወስድሽ መጣሁ።»

«ዛሬ አልችልም፤ እሳት ላይ ነኝ።»

«ነገስ?»

«ነገ አፈር እወቅጣለሁ።»

«ሰው ቡዳ ይልሻል!»

«ብሏል እኮ አባዬ። ይህን እያወቁ ነው የሰጡኝ።»

ክፉ ቃል ልናገረው ብዬ አልነበረም፤ እንዲያው እውነቱ ከአፌ ወጣ። አባቴ ተናዶ ይሁን አፍሮ መለየት አልቻልሁም። ከዚያ ጋቢውን አጣፍቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ለምን ቀረሽ ብለው እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ። መጀመሪያ ምርጫው ያንቺ ነው ሲሉኝ አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ነበር፤ ሠላሳው ድስትም እንዲቃጠልብኝ አልፈለግሁም።

ሁለት ዓመት ከቤታችን ማንም አልጎበኘኝም። የአያ ደሳለኝ ልጅ ሌላ አገባ። እናቴን ከሩቅ በቤተ ክርስቲያን አጥር ማዶ አያታለሁ፤ እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ።

አንድ የገበያ ቀን ሸክላዬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። የኛ ሸክላ የሚሸጠው ራሱ በሚይዘው እህል ነው፤ ገዢው ድስቱን ጤፍ ሞልቶ ወደ ስልቻዬ ይገለብጥና ድስቱን ይወስዳል። ሰው መሀል አባቴን አየሁት፤ አባ ወልደጊዮርጊስና ሌሎች የደብሩ ሽማግሌዎች ከጎኑ አሉ። ከፊቴ ሲደርስ እንደማያውቀኝ ሆኖ አንዱን ድስት አነሣና በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«አንቺ ሸክላ ሠሪ! ስንት ነው?»

«የሚይዘውን ጤፍ ነው፣ ጌታዬ» አልሁት።

«የሚይዘውን? ይህን ያህል?» ብሎ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩ። «እናንተ ቀማኞች! በሕዝበ ክርስቲያን ላይ የምትጫወቱበት ዘመን አበቃ!» ይህን እያለ ስልቻውን ከትከሻው አውርዶ ጤፉን ወደ ድስቱ ይቀዳል። ሞላ። ነቀነቀው፤ ጎደለ፤ ጨመረ። በመዳፉ ደልድሎ ተጫነው፤ እንደገና ጨመረ፤ ከአፉ በላይ ቆለለው። ወደኔ ስልቻ ገለበጠ። «ሁለተኛ ከናንተ ዘር ጋር አልገበያይም!» እያለ ድስቱን ደግሞ ሞላው። አባ ወልደጊዮርጊስ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። ጩኸቱ እየባሰ ሲሄድ ሁለተኛውንም ቁልል ገለበጠልኝ። ከዚያ ድስቱን ብብቱ ሥር ሻጥ አድርጎ፣ ፊቱን አጥቁሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ በየወሩ እየመጣ ሰድቦኝ አንድ ድስት ይገዛ ነበር። እናቴ ያን ሁሉ ድስት የት ታስቀምጠው እንደነበር እንጃላት።